ሽጉጡ ላይ ያለው 1934 የኛ 1934 አይደለም

ጎንደር ውስጥ የአርበኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቤት የጣሊያን ሽጉጥ ካያችሁ፣ «ይኸው፣ 1934 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጎንደር ነፃ የወጣችበት ዓመት!» መባሉ አይቀርም። እውነት ነው፣ የጣሊያኑ የጄኔራል ናሲ ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የሽጉጡ 1934 ግን የፈረንጅ ነው፤ የሞዴሉ መጠሪያ። ቤሬታ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ሥራ፣ ቤሬታ 1934።

ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ፣ ትክክለኛው ታሪክ እዚያው ብረቱ ላይ ተጽፎ ሳለ ስለሚታለፍ ነው። የተሠራበት ዓመት በግራ ጎኑ፣ በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ፣ ከፋብሪካው ከተማ ከጋርዶኔ ስም ቀጥሎ ይገኛል። አጠገቡ የሮማ ቁጥር አለ። እሱ የፋሽስቶቹ ዘመን ነው። ከኦክቶበር 1922 ጀምሮ ስለሚቆጠር ዓመቱ የሚለወጠው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ስለዚህ 1937 ከ15ም ከ16ም ጋር ሊመጣ ይችላል።

በቅርቡ አዘዞ አንድ አባት የአባታቸውን ሽጉጥ ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። መጀመሪያ ካዝናውን አወጣን፤ ጥይት እንዳልጎረሰም አየን። ይህ ሳይሆን ምንም አይነካም። ጽሑፉ ከመዳበሱ የተነሣ አይነበብም ነበር። የጠመኔ ዱቄት ቀባሁበትና በጨርቅ ጠረግሁት። 1938፣ ከጎኑ የሮማ 16 ብቅ አለ። ከኋላ በኩል ደግሞ ንስር፣ ከሥሩ «አር» እና «ኤ»። የአየር ኃይል ማለት ነው! አክሊልና «አር ኢ» ቢሆን የምድር ጦር፣ መልሕቅና «አር ኤም» ቢሆን የባሕር ኃይል፣ «ፒ ኤስ» ቢሆን የፖሊስ ነበር። እሳቸውም «አባቴ እዚሁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ነው የማረኩት ይሉ ነበር» አሉኝ። ጣሊያን አዘዞ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ እንደነበረው የታወቀ ነው። ብረቱና የቤተሰቡ ወግ ሲገጥሙ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

መንታ የሚመስለው የ1935ቱ ሞዴል ነው። ከላይ ሲያዩት አይለይም፤ የጥይቱን ልክ አንብቡ። 1934ቱ «9 ኮርቶ» (9 ሚሊሜትር አጭር) ይላል፣ 7 ጥይት ይይዛል። 1935ቱ 7.65 ነው፣ 8 ይይዛል። ከእነሱ የሚቀድመው የ1923ቱ ሞዴል ላይ ደግሞ 1915-1919 የሚል አለ። እሱም የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበባቸው ዓመታት ናቸው።

1942 እና የሮማ 20 ያለበት ካጋጠማችሁ ደግሞ ወጉን በደንብ ጠይቁ። ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ወደዚህ በባሕር መሣሪያ የምትልክበት የስዊዝ መንገድ ተዘጋባት። ጎንደር የነበረው ጦር እጁን ሲሰጥ ፈረንጆቹ ገና 1941 ላይ ነበሩ። ያ ሽጉጥ በጎንደር ዙሪያ ከነበሩት የጣሊያን ምሽጎች፣ የወልቀፊትም የቁልቋል በርም ምርኮ ሊሆን አይችልም፤ በሌላ መንገድ፣ ከጊዜ በኋላ የገባ ነው።