ይረገጣል ወይስ አይረገጥም?

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ባለሆቴል ሚኒ ጎልፍ፣ ማለትም ኳስ በአጫጭር መጫወቻዎች ላይ እየተመታ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባበትን ጨዋታ፣ እንድንሠራላቸው መጡ። እኔ በአንድ አነስተኛ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ንድፍ አውጪ ነኝ። ጀርመን የሚኖር ወንድማቸው ቪዲዮ ልኮላቸዋል። «ቁርጥ ይኼንን የሚመስል ነው የምፈልገው» አሉ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ኢተርኒት የሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ መጫወቻ በፋይበርና በሲሚንቶ የተሠራ ለስላሳ ሰሌዳ ሲሆን ዙሪያው ብረት ነው። ርዝመቱ 6.25 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። የአንድ ሙሉ ሚኒ ጎልፍ 18 መጫወቻዎች በሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ይገባሉ። ሰውዬውን የማረካቸውም ይኼው ነው።

አንድ ነገር ግን አለው። ኢተርኒት ላይ አይወጣም። ተጫዋቹ ከዳር ቆሞ ነው የሚመታው። ይህንን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«አቦ፣ ሰው ከፍሎ ገብቶ አትርገጥ ይባላል እንዴ? ምንጣፍ ነው?»

አለቃችን አንድ ለሙከራ እንሥራ አለ። ሰሌዳው ገበያ ላይ ስላልተገኘ ቱቦላሬ በየድን፣ ከላይ በሽቦ መረብ ላይ ስስ ሊሾ አፈሰስን። ሲያዩት ያምራል። እሑድ ማታ የእንግዶች ልጆች ተንጋግተው ወጡበት። ሰኞ ጠዋት ስንደርስ መሃሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ልጅ የረገጠው የሚሰነጠቅ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አሉ ባለሆቴሉ።

«ጋሼ፣ የማይረገጠውን ነዋ ያዘዙን» አለ ፎርማናችን።

በኔ ግምት ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ የሚያወራው ስለ መልኩ፣ ሌላው ስለ እግር ነው።

ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ሌሎቹን ዓይነቶች አስረዳኋቸው። ስዊዘርላንዳዊው ፖል ቦንኚ እ.ኤ.አ. በ1954 አስኮና ላይ የከፈተው ዓይነት በኮንክሪት የሚሠራ ነው። መደበኛው 12 ሜትር ይረዝማል፣ 1.25 ሜትር ይሰፋል፤ ሰው እንደ ልቡ ይራመድበታል። ስዊድኖች ደግሞ በእንጨት ጠርዝ መሃል ወፍራም ጨርቅ ያነጥፋሉ። እሱ ለድሬ አይሆንም። ሙቀቱ እንጨቱን ያጣምመዋል፣ አቧራው ጨርቁን ይሞላዋል። ሴት ልጃቸው የፈለገችው የሚሽከረከር የንፋስ ወፍጮ ያለበትን፣ የአሜሪካኖቹን ነው። የእነሱ ቋሚ ልክ የለውም፤ እንደ ግቢው ይሠራል። (ፌርቤርን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 የጥጥ ፍሬ ገለባን ከአሸዋ፣ ከዘይትና ከቀለም ጋር ቀላቅሎ አረንጓዴ መጫወቻ ሠርቷል። የጨርቃጨርቅ ከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።)

በመጨረሻ ኮንክሪት እንዲሆን ተስማማን። ውድድር ስለማይደረግበት ርዝመቱን አሳጥረን፣ ብዛቱን ወደ 9 አወረድነው።

ሥራው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ፀሐይ ከወጣች ድሬ ላይ ኮንክሪት ሳይጠነክር ይደርቅና ፊቱ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ እያለበስን ለቀናት ውሃ አጠጣን። ግንበኛችን ደግሞ ከኪሱ ብይ አወጣ። በእያንዳንዱ ሊሾ ላይ ቀስ ብሎ ይለቃትና ተንበርክኮ ያያታል። ብይዋ ወደ ግራ ካዘነበለች ከዚያው ቦታ ላይ ይሞርዳል። ውሃ ልኩ እሺ ያለውን ብይዋ እምቢ ስትል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጎልፍ ኳስም የምትሰማው ብይዋን ነው።

የንፋስ ወፍጮው ቀርቶ ከላሜራ ባቡር ተሠራ። ኳሷ በአንዱ ፉርጎ ገብታ በሌላው ትወጣለች። ልጅቷ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ ቀለሙን ራሷ መርጣ ስትቀባው ግን ወፍጮውን ረሳችው።

አለቃችን አሁን ማንም ለመጫወቻ ሥራ ሲመጣ ስለ ብዛቱ ከማውራቱ በፊት የሚጠይቀው፦ «ይረገጣል?» ብሎ ነው። መልሱንም ውሉ ላይ ጽፎ ያስፈርማል። ባለሆቴሉ ለተሰነጠቀው ግማሹን ብቻ ነው የከፈሉን፤ ቱቦላሬውን ነቅለን ለሌላ ሳይት አጥር አደረግነው።