ግሱ መጨረሻ ላይ ነው!

ዛሬ በኢራን ቋንቋ፣ በፋርሲ ክፍል ውስጥ በጣም ደስ አለኝ። አብረውኝ የሚማሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ አስቸገራቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይሄ የለመድነው ነው። «ማን ኬታብ ራ ኻንዳም» ማለት «እኔ መጽሐፉን አነበብኩ» ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው! «ራ» የኛን «ን» ሥራ ትሠራለች። አንባቢው ማን እንደሆነ ግሱ ስለሚናገር፣ «እኔ» የሚለውን መተውም ይቻላል።

እኔን የከበደኝ ቅጽሉ ነው። «ትልቅ መጽሐፍ» ለማለት ስሙ ይቀድማል፦ «ኬታቤ ቦዞርግ»። ሁለቱን የምታያይዘው «ኤ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አትጻፍም፤ አንባቢው ራሱ ነው የሚያስገባት። ለጀማሪ ከባድ ነው፣ እውነቴን ነው። የጾታ ልዩነት ግን የለም፤ «ኡ ራፍት» ሲባል ሄደም ሄደችም ይሆናል። ቀጣዩ ትምህርት የአሁን ጊዜ ግስ ነው፣ ከፊቱ «ሚ» የሚጨመርበት። ቸኩያለሁ!