ለከባድ ላይ ታች መስኮት ሞላ ስንመርጥ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነው ቤት በ1954 የተሠራ ነው። የሳሎኑ መስኮት ሰፊ ነው፣ ብርሃን እንደ ልብ ያስገባል፣ ቤቱን ያስወደደንም አንዱ እሱ ነው። ግን ሲከፈት አይቆምም። ታችኛውን መዝጊያ ወደ ላይ ገፍታችሁ እጃችሁን ከለቀቃችሁ ዱብ ይላል። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው መደገፊያ አድርገውለት ነበር። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ጣት ይሰብራል።

አገር ቤት የለመድነው መስኮት በማጠፊያ ስለሚከፈት ብዙዎቻችን የዚህን አሠራር አናውቀውም። እዚህ አሜሪካ በቆዩ ቤቶች የምታዩት መስኮት ሁለት መዝጊያ አለው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱም በቴላዮው ቦይ ውስጥ ይንሸራተታሉ። ክብደታቸውን የሚሸከም ነገር ከሌለ ባሉበት አይቆሙም። በጣም ባረጁት ቤቶች ሸክሙን የሚችለው ግድግዳ ውስጥ በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ ብረት ነው። በሌሎቹ ደግሞ ሞላ ነው።

የእኔው መስኮት ሞላ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ የሚጠመዘዝ ሞላ አለ፣ በመሃሉ ደግሞ ጥምዝምዝ ያለ ዘንግ ያልፋል። መዝጊያው ሲወርድ ዘንጉን ይስበዋል፣ ዘንጉ እየዞረ ሞላውን ያጠብቀዋል፣ መስኮቱን ስትከፍቱ ያ የተጠራቀመ ጉልበት አብሯችሁ ያነሳል። በጣም የወደድኩት ነገር የዘንጉ ጥምዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል አለመሆኑ ነው። ሞላ በተጠመዘዘ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የማንሳት ኃይሉ ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ እንዲሆን ጥምዙን አንድ ጋ ሰፋ፣ አንድ ጋ ጠበብ አድርገው ነው የሚሠሩት። ብልህ ሥራ ነው።

ታዲያ የእኛ ሞላ ለምን አልቻለም? ያረጀ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩን ያጠራልኝ አንድ ለረጅም ዓመታት በሕንፃ ጥገና የሠሩ የሰፈራችን ሰው ናቸው። መጥተው መስታወቱን በጣታቸው ቆርቆር አደረጉና «ይሄ ድርብ መስታወት ነው፣ ቤቱ ሲሠራ ግን ነጠላ ነበር» አሉኝ። «ሞላው የተመረጠው ለድሮው ክብደት ነው።» «ጋሼ፣ ታዲያ ጠንከር ያለ ገዝቼ ልቀይረዋ?» ስላቸው «ቆይ፣ መጀመሪያ አውርደህ መዝነው» አሉ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱን ሳያውቁ ሞላ ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው። 3 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው መስታወት በአንድ ስኩዌር ፊት ወደ 1.6 ፓውንድ ይመዝናል። የእኔ መስኮት መስታወት 42 በ30 ኢንች ነው፣ ወደ 8.75 ስኩዌር ፊት ማለት ነው። ነጠላ ሲሆን 14 ፓውንድ ገደማ፣ ድርብ ሲሆን 28 ገደማ። እንጨቱ ሲጨመር ሚዛኑ ያሳየኝ 42 ፓውንድ ነው። ሞላው ግን የተገጠመው 28 ፓውንድ ገደማ ይመዝን ለነበረ መዝጊያ ነበር። አላረጀም፣ ከአቅሙ በላይ ጭነውበት ነው።

አመዛዘኑ ቀላል ነው። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻችሁን ውጡ፣ ከዚያ መዝጊያውን ይዛችሁ ውጡ፣ ልዩነቱን ውሰዱ። ማውረዱ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። መዝጊያውን ከጎን የያዘውን ቀጭን ጣውላ ቀስ ብላችሁ ትነቅላላችሁ፣ ከታች ዘንጉን ከመዝጊያው ጋር ያያያዙትን ቪቲዎች ትፈታላችሁ። ሞላው የተወጠረ ነው! ዘንጉን በደንብ ሳትይዙ ከፈታችሁት በኃይል ይሽከረከራል፣ እጅ ይቆርጣል። በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አላሉት። ለከባድ መዝጊያ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ቀለም ስትፍቁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት እንጨት ከእንጨት የሚፋተግበት መስኮት ዋናው የእርሳስ አቧራ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን አስመርምሩ። እርሳስ ካለበት በደረቁ አትፈቅፍቁ፣ እርጥብ አድርጉት፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከክፍሉ አርቁ፣ ሥራው ሰፋ ካለ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

ክብደቱን ካወቃችሁ በኋላ ምርጫው ይጠባል። በመጀመሪያ የቱቦው ውፍረት። በእኔ መስኮት ሞላው የሚቀመጠው መዝጊያው ጎን ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የቱቦውን ውፍረት የሚወስነው ቦዩ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት 3/8 እና 5/8 ኢንች ናቸው፣ ከባዱን የሚችለው ወፍራሙ ነው። ቦያችሁ ቀጭን ከሆነና መዝጊያው ከከበደ ወይ ቦዩን ማስፋት ወይ መስታወቱን ማቅለል ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ርዝመቱን ስትለኩ ቱቦውን ብቻ ለኩ፣ ዘንጉን አትጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአቅም ሠንጠረዡ ላይ ነው። አንዳንዱ ሻጭ የሚጽፈው አንዱ ሞላ የሚችለውን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥንዱ በአንድነት የሚችለውን። ለእኔ 42 ፓውንድ በጥንድ ማለት 21 በአንድ ጎን ነው። ይሄን ሳትለዩ ካዘዛችሁ ወይ እጥፍ ጉልበት ወይ ግማሽ ጉልበት ነው የሚመጣላችሁ። ሠንጠረዡ ግልጽ ካልሆነ ደውሉና ጠይቁ፣ አትገምቱ። የዘንጉ ጫፍ ቀለምም እንዲሁ ነው። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ የሚባለው ጥንካሬን ለመለየት ነው፣ ግን የአንዱ ኩባንያ ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትነሱ።

አንድ መደብር ውስጥ «ያለውን ጠንካራውን ውሰድ፣ አያሳስብህም» ብለውኝ ነበር። ይሄ ምክር በጭራሽ ልክ አይደለም። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ታችኛውን መዝጊያ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስትዘጉት ፈንጠር ይላል፣ ከታች ክፍተት ይፈጠርና ክረምቱን ሙሉ ብርድ ያስገባል። ቁልፉም አልገጥም ይላል። በብረት ክብደት ዘመን የነበሩ አናጢዎች ይሄን በደንብ ያውቁ ነበር። በየጎኑ የሚንጠለጠለውን ብረት ለታችኛው መዝጊያ ከመዝጊያው ክብደት ግማሽ ትንሽ አሳንሰው፣ ለላይኛው ትንሽ ጨምረው ነው የሚሰቅሉት፣ ታችኛው ተዘግቶ እንዲቀር፣ ላይኛውም እንዳይወርድ። ሞላም ሲወጠር ይሄው ሐሳብ ይሠራል።

ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መዝጊያው ዘመም ይልና ቦዩ ውስጥ ይነክሳል። ከመግጠማችሁ በፊት ቦዩን ከድሮ ቀለምና ከአቧራ አጽዱት፣ ምክንያቱም የደረቀ ቀለም የሚፈጥረው ፍትጊያ ደካማውን ሞላ ደህና ያስመስለዋል። ከገጠማችሁ በኋላ መዝጊያውን ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ እያቆማችሁ ሞክሩት። ከላይ የሚቆምና ከመሃል የሚወርድ ከሆነ ሁለቱንም ዘንጎች እኩል ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ። የእኔው አሁን የትም ቦታ ይቆማል፣ የመጥረጊያ እንጨቱም ተጥሏል።

የፕላስቲክ መስኮት ያላችሁ ምናልባት የምታገኙት ሌላ ዓይነት ነው። በብረት ቦይ ውስጥ በሲባጎና በመዘውር የሚሠራ አለ፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥርም ይኖረዋል። በብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ርዝመቱን ነው የሚነግሩት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ኢንች ትጨምሩበታላችሁ፣ ቀጥሎ ያለው የጥንካሬው መለያ ነው። ያንን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ነው ማዘዝ ያለባችሁ። ጠፍጣፋ ብረት የተጠቀለለበትም ዓይነት አለ፣ ለእሱ ክብደት ሲጨምር ጥቅሉን መደራረብ ይቻላል። መስታወቱ ከተቀየረ ግን የተመታው ቁጥር የድሮውን ክብደት ነው የሚያሳያችሁ፣ ስለዚህ ያኔም አውርዳችሁ መዝኑት።