87 ከየት መጣ?

ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ አልተናደድኩም። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲከፋው ነው የዋለው፤ ጨለማው እንዲያውም ተስማማኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። የላፕቶፑም ቻርጅ አልቆ ስለነበር በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ደብተሬን አወጣሁ።

ቀኑን ሙሉ ስሌቷ ያስቸገረችኝ ያቺው የውሃ ታንከር ናት። ራዲየሷ 5 ሜትር፣ ውሃው 8 ሜትር፣ ላሜራው 8 ሚሊ። ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥረውን ስትረስ (ብረቱ ውስጥ በስፋቱ ልክ የሚያርፈውን ጫና) ለማግኘት ግፊቱን በራዲየሱ አባዝቶ ለውፍረቱ ማካፈል ነው። ግርጌው ላይ ግፊቱ 78.5 ኪሎፓስካል ስለሆነ 49 ሜጋፓስካል ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት ሞዴል ግን ከሰዓት 87 አለኝ፤ ቀዩ ቀለም ታች ግርጌዋ ላይ እንደ መቀነት ዞሮባት።

የሆነ ቦታ ዜሮ ጨምሬ ወይ ዩኒት አሳስቼ ይሆናል ብዬ ስብሰለሰል ነበር። በእርሳስ ስስላት ነው የገባኝ። ውሃ ሲሞላ ግድግዳው ወደ ውጭ መነፋት ይፈልጋል፤ ግርጌው ግን ከወለሉ ጋር ታስሯል። ስለዚህ እዚያ ዙሪያውን የሚወጥረው ኃይል ዜሮ ገደማ ይወርድና ላሜራው በቁመቱ ይታጠፋል። ግርጌው ሙሉ በሙሉ ከታሰረ የመታጠፉ ስትረስ የ49ኙን 1.8 እጥፍ ገደማ ነው። ይኸው 87! እኔ ሞዴሉ ላይ ያየሁት የግድግዳውን የውስጥ ገጽ ነበር። አንድ ሜትር ከፍ ብለን ስናይ እጄም ሞዴሉም 43 ይላሉ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከዚህ በፊት ያሰላኋት ያቺ የገጠሯ ታንከር ትዝ አለችኝ።

ያኔ ስሌቴን ያዩልኝ የነበሩት ጋሼ «የእጅ ስሌትህ ከሞዴሉ ጋር ይገጥማል?» ሲሉኝ «በደንብ ይገጥማል» ነበር ያልኳቸው። እውነትም ገጥሞ ነበር። ግን የሜሹ (ሞዴሉ ግድግዳውን ከፋፍሎ የሚያሰላበት መረብ) አንዱ ኤለመንት፣ ማለትም አንዱ ቁራጭ፣ አንድ ሜትር ነበር። መታጠፉ ያለው ደግሞ ከግርጌው ግማሽ ሜትር በማይሞላ ቁመት ውስጥ ነው፤ አንዷ ኤለመንት ሙሉውን ዋጠችው። ታዲያ የገጠመው ምኑ ነው? የእጄ ቀመር መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሞዴሉም እንዳያይ አድርጌዋለሁ።

በ1991 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ የስላይፕነር ኤ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ፊዮርድ ውስጥ ሰምጧል። የሜሹ ቁራጮች ትልልቅ ስለነበሩ ግድግዳው ላይ ያለው የሸር ስትረስ (ግድግዳውን ሊቆርጥ የሚሞክረው ጫና) በ47 በመቶ አንሶ ነበር የተሰላው። ከአደጋው በኋላ ተጠንቅቀው ሲያሰሉት 62 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰበራል የሚል መጣ፤ የተሰበረው 65 ላይ ነው። ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ «እንዴት ሳያዩት?» ብዬ ነበር።

የገጠሯን አሁን በእጄ ሠራኋት። ራዲየስ 4፣ ውሃ 6 ሜትር፣ ላሜራ 6 ሚሊ፤ ግርጌዋ ላይ የመታጠፉ ስትረስ 70 ሜጋፓስካል ገደማ። ብረቱ እስከ 235 ይችላል። አትፈርስም። ግን በየቀኑ ትሞላለች፣ በየቀኑ ትጎድላለች፤ ያ ሁሉ መታጠፍ የሚያርፈው ደግሞ የግርጌው ብየዳ ላይ ነው፣ እኔ ያንን ብየዳ አንድም ቀን አላሰላሁትም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን የሚደረድሩት እዚያው ግርጌዋ ሥር ነው።

ነገ ለጋሼ ልደውልላቸው? «ያኔ ይገጥማል ያልኩዎት ሳላይ ነው» ብዬ ከየት ልጀምርላቸው?