ዜሮ ዜሮው ከየት ተነሣ?

ባለ 18 ፎቅ አንድ ቅይጥ አገልግሎት ያለው ሕንፃ አምስተኛ ወለሉ ላይ ሲደርስ፣ ቀያሹ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ከፍታ ሊያወጣ ወረደ። ከላይኛው ጥግ ሲጀምር የመሬት ወለሉ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ንጣፉ፣ እና የእግረኛ መንገዱ እኩል ናቸው። ወደ ታችኛው ጥግ ሲሄድ ግን ልዩነቱ እየሰፋ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ሶሌታው ከመንገዱ 1.80 ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። የሳይት መሐንዲሱ መጀመሪያ የጠረጠረው ቤንች ማርኩን፣ ከፍታ የሚለካበትን መነሻ ነጥብ፣ ነበር። ደግመው ለኩ። ልኬቱ ልክ ነው።

የሕንፃው ፊት 45 ሜትር ይረዝማል፤ መንገዱ በ4 በመቶ ያዘቀዝቃል። ሁለቱ ሲባዙ 1.80 ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያሳይ አንድም ሥዕል ግን ከፕላኑ ጋር አልነበረም። የመሬት ቅየሳው ግቢው ወሰን ላይ ቆሟል። ሴክሽኑ፣ ሕንፃው ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ሥዕል፣ የተቆረጠው ከመንገዱ ወደ ጓሮ እንጂ በመንገዱ ርዝመት አይደለም። የፊት ለፊት ገጽታው ሥዕል ላይም መሬቱ በአግድም ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። አርክቴክቱ ዜሮ ዜሮን፣ የሕንፃው ከፍታ ሁሉ የሚቆጠርበትን መነሻ፣ ከላይኛው ጥግ ወሰደ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱም ያንኑ ተቀብሎ ኮለኑን (ቋሚ ምሰሶውን) እና ቢሙን (አግድም ተሸካሚውን) አሰላ። ቤዝመንቱ (መኪና የሚቆምበት ምድር ቤት) ተቆፍሮ የመሬት ወለሉ ሶሌታ ሲሞላ የመንገዱም ጉዳይ አብሮ አበቃ፤ ያስተዋለው ግን አልነበረም።

የመንገደኛ ዓይን ከመሬት 1.60 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በታችኛው ጫፍ የሱቁ ወለል ራሱ ከዓይኑ በላይ ስለሚሆን፣ ሰውዬው የሚያየው የአርማታ ግድግዳ ብቻ ነው። ዋናው መግቢያ መሐል ላይ ስለሆነ 90 ሴንቲ ሜትር መውጣት ይጠይቃል፤ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር 6 እርከን ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ቦታ ስላልተተወላቸው እርከኖቹ 1.50 ሜትር ወደ እግረኛ መንገዱ ሊወጡ ነው። የእግረኛ መንገዱ 3 ሜትር ስፋት አለው፤ ግማሹ ሄደ። ከቀረው የመብራት ምሰሶው 60 ሴንቲ ሜትር ሲወስድ ለእግረኛው 90 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ለመተላለፍ 1.80 ሜትር ይፈልጋሉ። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውም በ1 ለ12፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፣ ሲሠራ 10.80 ሜትር፣ ከመሐል ማረፊያው ጋር 12.30 ሜትር ይሆናል። የሕንፃው ፊት ከሩብ በላይ በመወጣጫ ተያዘ ማለት ነው።

በስብሰባው ላይ የእግረኛ መንገዱን ራሱን ከፍ አድርጎ ከሕንፃው ጋር ማስተካከልና ጎረቤቱ ወሰን ላይ ደረጃ መሥራት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በፍጥነት በሚያድጉ ከተሞች ሰው ወደ አስፋልት ወርዶ ከመኪና ጋር የሚጋፋበት አንዱ ምክንያት፣ እያንዳንዱ ባለሕንፃ መንገዱን በራሱ ዜሮ ልክ መቁረጡ ነው።

ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል ሕያው የሚለው የመንገድ ዳር በየ100 ሜትሩ ከ15 እስከ 20 በር ያለው ነው፤ በእግር ለሚሄድ ሰው በየ4 ወይም 5 ሴኮንዱ አዲስ ነገር ይመጣል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በሩ ከመንገዱ እኩል ሲሆን ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው ደንብ ለሕዝብ ክፍት ሜዳ ለሚተው ገንቢ ተጨማሪ የወለል ስፋት ትፈቅድ ነበር፤ ብዙዎቹ ሜዳዎች ግን ባዶ ቀሩ። አሜሪካዊው የከተማ ሕይወት ተመራማሪ ዊልያም ዋይት በእነዚህ ሜዳዎች ሰው የት እንደሚቀመጥ በካሜራ ሲከታተል፣ ከመንገዱ ብዙ ዝቅ ወይም ከፍ ያሉትን ሰው እንደሚሸሻቸው አየ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሻሻል የሥራው ውጤት ገባበት።

በሕንፃው ላይ በመጨረሻ የተወሰነው ፊቱን በየ15 ሜትሩ ለሦስት ከፍሎ የሁለቱን ሶሌታ እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ቆርጦ ማውረድ ነው። በላይኛው ጥግ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ባለበት ቀረ፣ ሁለተኛው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው 1.20 ሜትር ወረደ። ቤዝመንቱ ከወለል ወለል 3.30 ሜትር ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትሩ ቢም ሲቀነስ 2.80 ሜትር ነጻ ከፍታ ነበረው። በሁለተኛው ክፍል ሥር 2.20 ሜትር ስለቀረ መኪና ያልፋል፣ ግን የእሳት ማጥፊያው ቧንቧና የአየር ቱቦው በሌላ መስመር መዞር ነበረባቸው። በሦስተኛው ሥር 1.60 ሜትር ብቻ ስለተረፈ ባለ 2.50 ሜትር 6 የመኪና ማቆሚያ ቀርቶ ዕቃ ማከማቻ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ያስጨነቀው ግን ኮለኑ ነው። ሶሌታ በሁለት ከፍታ ሲያዝ በመካከላቸው አጭር ኮለን ይፈጠራል፤ አጭር ኮለን ከረጃጅሞቹ ይልቅ ግትር ስለሆነ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግፊቱን ወደ ራሱ ስቦ በሸር፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚቆርጥ ኃይል፣ ይሰበራል። ስለዚህ ስሌቱ እንደገና ተሠርቶ ኮለኖቹ ሳይጠናከሩ መቁረጡ አልተጀመረም።

በሮቹ በየክፍሉ ላይኛ ጫፍ፣ ወለሉና መንገዱ በሚገጥሙበት ነጥብ ላይ ተደረጉ። ከዚያ ወደ ታች የወለሉ ጠርዝ እንደ መደብ ከመንገዱ ቀስ በቀስ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ይህ ለመቀመጫ የሚመች ከፍታ ስለሆነ ጠርዙ በሰፊ ድንጋይ ተለበጠ። ከመንገድ እኩል የሆነ በር ውሃ ያስገባል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ መልሱ በሩ ፊት የፍርግርግ ቦይ መዘርጋትና ለመንገዱ ወደ አስፋልቱ 2 በመቶ ተዳፋት መስጠት ነው። የፍርግርጉ ክፍተት ከ1.3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የዓይነ ስውር በትርና የወንበር ጎማ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ወጪ የሚያስቀረው አንድ ሥዕል ነው፦ በመንገዱ ርዝመት የተቆረጠ፣ በ1 ለ100 የተሳለ ሴክሽን። ለዚያ ቅየሳው ከግቢው ወጥቶ የጠርዝ ድንጋዩንና የእግረኛ መንገዱን የውስጥ ጫፍ በየ5 ሜትሩ፣ በሁለቱም ጎረቤት በኩል ቢያንስ 15 ሜትር ዘልቆ መያዝ አለበት። ሥዕሉ ላይ በሩ ሁሉ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫና የቤዝመንቱ መግቢያ ይግቡበት። የመሠረት ፕላኑ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ሕንፃ ላይ ሴክሽኑ ቢኖር የመኪና መግቢያውም ስህተት ይታይ ነበር። በላይኛው ጥግ ስለተደረገ 3.30 ሜትር ይወርዳል፤ በ12 በመቶ 27.50 ሜትር ርዝመት በላ። በታችኛው ጥግ ቢሆን መንገዱ ራሱ 1.80 ስለወረደ የሚቀረው 1.50 ሜትር ነው፣ 12.50 ሜትር ይበቃዋል፤ የተረፈው ቦታ አሽከርካሪው እግረኛውን አይቶ እንዲቆም ከእግረኛ መንገዱ በፊት 5 ሜትር ሜዳ ለመተው ይውል ነበር። አሁን መኪናው ከዳገቱ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ስለሚወጣ፣ የእግረኛ መንገዱ በመግቢያው አፍ ላይ ሳይቆረጥ በራሱ ከፍታ እንዲያልፍ ተደርጓል፤ መኪናው እሱን ተሻግሮ እንዲወጣ።