ፒድራስ ብላንካስ፦ ከልጆች ጋር ኤለፋንት ሲል ለማየት

ሳን ሆዜ ወይም ሎስ አንጀለስ ለምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ለአንድ ቀን ጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ኤለፋንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባህር እንስሳት ወደ አሸዋው የሚወጡበት ይህ ቦታ በካሊፎርኒያ ባህር ዳርቻ፣ ከሳን ሲሚየን ከተማ በስተሰሜን፣ ሀይዌይ 1 ዳር ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቀጠሮም አያስፈልግም።

ምርጡ ጊዜ የጃንዋሪ መጨረሻ ነው። አፍንጫቸው እንደ ኩምቢ የተንጠለጠለ፣ እስከ 2,000 ኪሎ የሚመዝኑ ወንዶች ይፋለማሉ፤ እናቶች ይወልዳሉ። የባህር ወፎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲጯጯሁ ካያችሁ ልጆቹን ቶሎ ጥሩ። ግልገል አሁን ተወልዷል ማለት ነው፤ ወፎቹ የሚሻሙት የእንግዴ ልጁን ነው። ግልገሉ ሲወለድ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ በአራት ሳምንት ከ100 ኪሎ ያልፋል፣ ያውም በወተት ብቻ። እናቲቱ ደግሞ ጡት እስክታስጥለው ድረስ እህል አትቀምስም።

አፕሪልና ሜይ ላይ የሴቶቹ ቆዳ ተቀርፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ አልታመሙም፣ አሮጌው ቆዳ ከነጸጉሩ እየወለቀ ነው።

ሰው የሚሳሳተው መንገዱ ላይ ነው። ከሰሜን ስትመጡ የቢግ ሰር መንገድ ያምራል፤ ግን ናዳ ደጋግሞ ይዘጋዋል። በሀይዌይ 101 ወርዳችሁ ከፓሶ ሮብልስ በስተደቡብ ወደ ሀይዌይ 46 ታጠፉ። ካምብሪያ ላይ ቤንዚን ቅዱ፣ ልጆቹንም ሽንት ቤት አስገቡ። ፀሐይ ቢሆንም ነፋሱ ያንቀጠቅጣልና ወፍራም ጃኬት ያዙ። ከአጥሩ አልፎ ወደ አሸዋው መውረድ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ወንድ ድንገት ሲነሳ ፈጣን ነው።