ትሪክ-ትራክ ጠረጴዛ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ዝሆን ጥርሱ ጠይቁ

አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ማንም አልነገረኝምና እኔ ልንገራችሁ። ትሪክ-ትራክ ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ የጠጠር ጨዋታ ገበታ የሚወጣ የድሮ የፈረንሳይ ጠረጴዛ ነው።

ፓሪስ ያለው ቤቴ ጠባብ ነው። ቀን የሚጻፍበት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብበት፣ ቅዳሜ ማታ ካርታ የምንጫወትበት አንድ ጠረጴዛ ፈለግሁ። ገበያ ላይ ያለው ታጣፊ ጠረጴዛ አስጠላኝ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ግን ለዚህ ነገር ጎበዞች ነበሩ። የቤት ዕቃ ሠሪው ዣን-ፍራንሷ ኦበን ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ ለማዳም ደ ፖምፓዱር የሠራው ጠረጴዛ መሳቢያው ወደፊት ሲወጣ ገበታው ወደኋላ ይንሸራተታል። ይጻፍበታል፣ ይኳኳሉበታል። ኒውዮርክ ያላችሁ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፑድረዝ የሚሉትን የመኳኳያ ጠረጴዛ ነበር። መካከለኛው ክዳኑ ሲነሳ መስታወት ይወጣል፣ ግራና ቀኙ ሲከፈት የሽቶና የፓውደር ዕቃ ማስቀመጫ አለው። ያምራል። ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው ተነቅሎ ሌላ ነገር ተደርገዋል። ቡዮት የሚባለው ደግሞ ክብ ነው፤ ላዩ እምነበረድ፣ ዙሪያው የነሐስ ከለላ አለው። ለካርታ የሚሆነው ላዩ ላይ የሚደፋ ክብ ክዳን ሲኖረው ነው። ክዳኑ አንድ ፊቱ ቆዳ፣ አንድ ፊቱ ጨርቅ ነው። ክዳኑ ከጠፋ አትግዙት።

በመጨረሻ ትሪክ-ትራክ መረጥኩ። ክዳኑ ይገለበጣል። በቆዳው በኩል ይጻፋል፣ በአረንጓዴው ጨርቅ በኩል ካርታ ይጫወታሉ። ጨርሶ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ በዳይስና በጠጠር የሚጫወቱት የባክጋመን ዓይነት ገበታ ይወጣል። አክስቴ ዋጋውን ስትሰማ «ለጠረጴዛ?» ብላ አማተበች። አሁን ኮንከር የሚደረግበት እሱ ላይ ነው፤ ካርታ የምታድለውም እሷ ናት።

ጨረታ ቤት መመዝገብ፣ ዕቃውን ቀድሞ ማየት፣ እጅ ማውጣት ቀላል ነው። መዶሻው ከወደቀበት ዋጋ ላይ 25 በመቶና ከዚያም በላይ እንደሚጨመር ብቻ አስቡ። ካታሎጉን ደግሞ በደንብ አንብቡ። «ኤፖክ ሉዊ 16ኛ» ካለ በ1981 ድንጋጌ መሠረት ዕቃው የዚያ ዘመን መሆኑን እየማሉላችሁ ነው። «ስቲል ሉዊ 16ኛ» ካለ ግን ስለ ዕድሜው ምንም ቃል አልገቡም።

የኔው «ኤፖክ» ነበር። አሸነፍኩ፣ ከፈልኩ። ልወስድ ስሄድ «አይወጣም» አሉኝ።

ለካ ገበታው ላይ ያሉት ሹል ሹል ነጭና አረንጓዴ ምልክቶች የዝሆን ጥርስ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ዕቃ ሲሸጥ ከ1947 በፊት የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ሕጉን አልቃወምም፤ ዝሆን ይኑር። ግን ሰርተፊኬቱ የሚፈለገው ለመሸጥ ነው። ታዲያ ካልያዙት ለምን ጨረታ ላይ አወጡት? መልሳቸው «ማመልከቻው ገብቷል» ብቻ ነበር።

ገብቶስ? ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ፎቶው ግልጽ አይደለም ብሎ መለሰው። ቀጥሎ ዕድሜው አልተረጋገጠም አለ። የባለሙያ ደብዳቤ ተያይዟል። ከሥሩ ያለው የሠሪው ማህተም ፎቶ ተያይዟል። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አንገቱ የተቀላው በ1793 ነው። በእሱ ዘመን የተሠራ ጠረጴዛ ከ1947 በፊት ነው ለማለት ስንት ወረቀት ይበቃል? ስልክ ሳነሳ አንዷ ሠራተኛ በጣም በትሕትና «አመልካቹ እርስዎ አይደሉም፣ ላነጋግርዎ አልችልም» አለችኝ። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ዕቃው የታሰረው የኔ!

ከዚያ ደግሞ ከጠረጴዛው ጋር ያሉት የመጫወቻ ጠጠሮች መጡ። ካታሎጉ 30ውንም የዝሆን ጥርስ ብሏቸዋል። እያንዳንዱ ለየብቻ ፎቶ ይነሳ ተባለ። አንድ የማውቀው የድሮ ዕቃ አዳሽ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ አያቸውና ሳቀ። አጥንት ናቸው። አጥንት ላይ ደም ያለፈበት ጥቃቅን ጥቁር ነጥብና ጭረት ይታያል። የዝሆን ጥርስ ያ የለውም፤ አግድም ሲቆረጥ እንደ መረብ የተጠላለፈ ስስ መስመር ያሳያል። ይህን ለማየት ደቂቃ አይፈጅም። ጨረታ ቤቱ ካታሎጉን ሲያዘጋጅ አላየውም፣ መሥሪያ ቤቱም አልጠየቀም። ማመልከቻው እንደገና «ሀ» ብሎ ተጀመረ።

ወራት አለፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥር ነበር። በማን ላይ? በእኔ ላይ!

ስለዚህ ከጨረታው በፊት በኢሜይል «ሰርተፊኬቱ እጃችሁ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «በሂደት ላይ ነው» ካሉ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ገዝቼ አስጭናለሁ ብላችሁ አታስቡ። የተሸጠ የዝሆን ጥርስ ከኅብረቱ የሚወጣው ከ1975 በፊት የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን ወይም ሙዚየም ሲገዛው ነው። ሌላው በሩ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ምልክቱ በእንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ካገኛችሁ ባርኩት።

አዋቂ ነን የሚሉ ሁሉ «ማህተም ያለው ብቻ ግዛ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ፎቡር ሳን-አንቷን የሚባለው የፓሪስ ሰፈር ያኔ ከአናጺዎች ማኅበር ደንብ ውጭ የሚሠሩ ጎበዝ አናጺዎች ነበሩበት፤ ማህተም የመምታት ግዴታ አልነበረባቸውም። ለንጉሡ የሚሠሩትም እንደዚያው። ማህተም ደግሞ ይጭበረበራል። እናንተ መሳቢያውን አውጥታችሁ ከሥር እዩ። ያልተቀባው እንጨት ጠቁሯል? ክዳኑ ሲገለበጥ በሁለቱም በኩል ልክ ይገባል? ይህ ከማህተም ይበልጣል።

«አትጠቀምበት፣ እየው ብቻ» የሚሉኝም አሉ። አልሰማኋቸውም፤ ለመጫወቻ የተሠራ ነውና እንጫወትበታለን። ከማሞቂያው ግን አርቄዋለሁ፤ ደረቅ ሙቀት ስስ የእንጨት ልባሱን ያስነሳዋል። ጀበናም ቆዳው ላይ አይቀመጥም፤ አክስቴም ብትሆን።

ጨረታ ቤቱ የኪራዩን ግማሽ መልሶልኛል። ለቀሪው በየወሩ ደብዳቤ እልካለሁ። እነሱም በየወሩ «ደርሶናል» ይላሉ።